ባሕሩ በየቀኑ 50 ደቂቃ ይዘገያል

መንገድና መብራት ባልደረሰበት ሞቃት የባሕር ዳርቻ፣ በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ሎጅ ውስጥ የሚሰነብት ሰው የእጅ ሰዓቱን እንዳያምን እመክራለሁ። ባሕሩ የራሱ ሰዓት አለው። በአብዛኛው ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዛሬ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከሞላ፣ ነገ የሚሞላው ለ5 ሰዓት 10 ጉዳይ ገደማ ነው። ሳምንት ሲያልፍ በዚያው ሰዓት ሙላቱ ጉድለት ይሆናል። «ጀልባው ነገም በዚሁ ሰዓት ይምጣልን» ማለት የእንግዳ ሁሉ ስህተት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ውኃው በጣም ስለሚሸሽ ጀልባው ርቆ ይቆማል፣ ሻንጣ በጭቃ ላይ በትከሻ ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ከወትሮው አልፎ ስለሚወጣ አሸዋው ላይ የተተወ ጫማ ይዞ ይሄዳል።

ማታው ድንገተኛ ነው። ወደ ምድር ወገብ በተጠጋ ቁጥር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። አጎበሩ ከዚያ በፊት መውረድ አለበት። ጫፉ መሬት ላይ ከሚንጠለጠል ፍራሹ ሥር ይወሸቅ፤ ክንድ መረቡን ከነካ ትንኝ በቀዳዳው በኩል ትነክሳለች። የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ከትንኝ ስለምታንስ ተራውን አጎበር አልፋ ትገባለች። ቀዳዳው የጠበበ መረብ እሷን ቢከለክልም ነፋሱንም ይከለክላል፤ ምርጫው ከሁለት ክፉ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከባሕሩ ቶሎ ስለሚሞቅ ነፋስ ከባሕር ይነፍሳል፣ ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። በመሃል፣ አመሻሹ ላይ፣ አየሩ ቀጥ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ንክሻው የሚብሰው ያኔ ነው።

ማራገቢያ ታዲያ ባትሪ ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት ቢይዝም ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የሚታመነው 600 ነው። 25 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሠራ 250 ይበላል። አንድ ሰው ባለ 1,500 ዋት የሻይ ማፍያ ቢሰካ ግን፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይረው ኢንቨርተር ከቻለው፣ ያ ሁሉ በ24 ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። ስልክ የሚሞላው እኩለ ቀን ላይ፣ ባትሪውን የሚሞላው የፀሐይ ፓኔል ከሚፈልጉት በላይ ሲሰጥ ነው፤ ማታ መሰካት የጎረቤትን ማራገቢያ መንጠቅ ነው።

ስለ ውኃው ብዙ ሰው የሎጁን ባለቤት በንፉግነት ያማል። «በቀን አንድ ባልዲ» የሚለው ደንብ ግን ምክንያት አለው። ከአሸዋው ሥር የዝናብ ውኃ ቀለል ስለሚል ከጨው ውኃው በላይ ተንሳፎ ይተኛል። በሒሳብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ለሚቆም ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጣፋጭ ውኃ ከታች 40 ሜትር ያህል አለ። የተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈራው፦ ጉድጓዱ በመቀዳት ብዛት 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቆይ፣ ጨዋማው ከሥር እስከ 4 ሜትር ሊነሣ ይችላል። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲል ጉድጓዱ መጨው ጀምሯል። ማፍላት እዚህ ላይ አይረዳም። ለ1 ደቂቃ የተንተከተከ ውኃ ከተሕዋስያን ይነጻል፤ ጨዉ ግን ባለበት ነው፣ እንዲያውም በተነነው ልክ ይበረታል።

የገመድ አልጋ ኮኮናት ካንጠለጠለ ዛፍ ሥር አይወጠርም። ዋና ላይ ደግሞ፣ ግራና ቀኙ ማዕበል እየተሰበረ መሃሉ ጸጥ ያለ መስመር ሲታይ ለዋና የተመቸ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ውኃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት በር እሱ ነው። ይህ ጅረት የያዘው ሰው ወደ ዳርቻው ከታገለ ይደክማል። በዳርቻው አቅጣጫ ወደ ጎን ይዋኝና ከጅረቱ ሲወጣ፣ ማዕበል በሚሰበርበት በኩል ይመለስ።