ቆማ የምትውል መኪና ዘይት፦ ቴስታታዬን በከንቱ ካስፈታሁ በኋላ የገባኝ

መኪናዬ በዓመት ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር አትሞላም። ሥራዬን የምሠራው ከቤት ነው። መኪናዋ የምትነሳው ዕቃ ለመግዛት፣ ልጅ ለማድረስ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሐኪም ጋ ለመሄድ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትቆማለች። ከዚያ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ዝም ትላለች። እንዲህ ያለች መኪና ምንም የማታስቸግር ይመስለኝ ነበር። ያልተሮጠበት ሞተር ምን ይሆናል? ስለ ዘይቱ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ቴስታታዋን፣ ማለትም ሞተሩን ከላይ የሚገጥመውን ትልቅ ብረት፣ አላስፈታም ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መኪናዋን እንደገዛሁ ዘይት አስቀየርኩ። መመሪያው መጽሐፍ 5 ደብሊው 30 የሚባል ውፍረት ያለው ዘይት ይላል። መካኒኩ ግን ተቃወመኝ። «ቆማ የምትውል መኪና ወፍራም ዘይት ነው የሚሻላት፤ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል» አለኝ። አሳመነኝ። 20 ደብሊው 50 ሞላልኝና መስታወቱ ጥግ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ቀጣዩ ቅያሪ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ። ቀን አልተጻፈበትም።

እኔም ቁጥሩን አምኜ ተቀመጥኩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ሌላ ጋራዥ ለፍሬን ሄጄ «ዘይቱስ አልቆየም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ተቀባዩ ወረቀቷን አየና «ገና ነው፣ ብዙ ይቀርዎታል» አለኝ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ እንኳ ሳብ አድርጎ አላየም። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱን ግን ከወረቀት ላይ አነበበልኝ።

እስከዚያው መኪናዋ የራሷን ምልክት እየሰጠችኝ ነበር። ቆማ ከከረመች በኋላ ጧት ቁልፍ ሳዞር ከሞተሩ አናት ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። የዘይት መብራቷም ቶሎ አትጠፋም፤ እንደማመንታት ብላ ነው የምትጠፋው። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ናት። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ወፍራሙ ዘይት ቀዝቅዞ ወደ ላይ ለመውጣት እየታገለ እንደሆነ አልገባኝም።

ሌላም ስህተት ሠራሁ። ባትሪው እንዳይሞት ብዬ በየሳምንቱ እሑድ ሞተሩን አስነስቼ አሥር ደቂቃ በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ አቆየዋለሁ። ከዚያ አጠፋለሁ። መኪናዬን የተንከባከብኩ እየመሰለኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እገባ ነበር።

ከተገዛች ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሲሆናት ቆጣሪው ገና 3,700 ገደማ ነበር የጨመረው። አንድ ቀን ለመስታወት መጥረጊያው ውሃ ልሞላ ኮፈኑን ከፈትኩ። እግረ መንገዴን የዘይት መሙያውን ክዳን አዞርኩና ገለበጥኩት። ውስጡ ቢጫ ነው። ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ወፍራም አረፋ ክዳኑን ሞልቶታል። በጣቴ ነካሁት። እንደ ቅባት ይለጠጣል፤ ሲታሸት ደግሞ የውሃ ነጠብጣብ ይወጣዋል። ልቤ ቀጥ አለ። ዘይት ውስጥ ውሃ ማለት የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሸ ማለት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔም ያን ያህል አውቃለሁ።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው ክዳኑን አየ። ሌላ ምንም አላየም። «ጋስኬቱ ሄዷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለ። እኔም ፈርቼ ስለነበር «እሺ» አልኩ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አሁንም የሚቆጨኝ ያቺ «እሺ» ናት። አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። «በምን አወቅህ?» አላልኩም።

ሁለት ቀን ሲፈታ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝና ሄድኩ። ቴስታታው ጨርቅ ላይ ተኝቷል። ጋስኬቱን አንስቶ አሳየኝ። ዙሪያውን በሙሉ አየሁት። የተቃጠለ ቦታ የለም፣ የተቀደደ ቦታ የለም፣ ውሃ ያለፈበት መስመር የለም። ቴስታታውንም ለካው፤ ቀጥ ያለ ነው። «ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና «ለማንኛውም መቀየሩ አይከፋም» አለኝ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። ጤነኛ ሞተር በከንቱ ተከፍቶ ፊቴ ተዘርግቷል፤ እሱ ግን ሥራ የሠራ ያህል ኮርቶ ቆሟል።

መገጣጠሙም አልቀና አለ። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ብሎኖች ሲጠብቁ ይሳባሉ፤ አንድ ጊዜ ከተፈቱ በአዲስ መተካት አለባቸው። የእኔም እንደዚያ ዓይነት ናቸው። እሱ ግን አሮጌዎቹን መለሳቸው። በሳምንቱ ከሞተሩ ጎን ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ተመልሼ ሄድኩ። እንደገና ተፈታ፣ እንደገና ጋስኬት፣ በዚህኛው ዙር አዲስ ብሎን። ሦስት ሳምንት ያለ መኪና ቆየሁ።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብና ሰው መጠየቅ የጀመርኩት። መጀመሪያ መታየት የነበረባቸው ነገሮች ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጁም ነበር። የራዲያተሩ ውሃ ቀንሷል ወይ? የእኔ አልቀነሰም። መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ነጭ ሆኗል ወይ? የእኔ ጠቆር ያለ ዘይት ነበር፤ አረፋው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ይወጣል ወይ? ሙቀቱ ይጨምራል ወይ? የለም፣ የለም። ለቤንዚን ሞተር ደግሞ ራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። የተቃጠለ ጋዝ ውሃው ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ብሎን ሳይነካ መልስ ይሰጣል። አረፋ አይታችሁ አንድ ሰው «ይውረድ» ቢላችሁ፣ እነዚህ ሳይታዩ ቁልፉን አትስጡት።

ታዲያ ውሃው ከየት ነው? ከቤንዚኑ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጠራል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቂቱ ግን ፒስተኑን አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ያ ውሃ ተንኖ ይሄዳል። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዳ የምትቆም መኪና ግን እዚያ ሙቀት አትደርስም። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ደርሶ ታዩ ይሆናል። እሱ የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ነው። ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ስለዚህ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ይጠራቀማል። ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ደግሞ ያ የዘይት መሙያ ክዳን ነው።

ውሃው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ ስለሚረጭ ያልተቃጠለው ቤንዚንም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱን ያቀጥነዋል። መለኪያው ላይ ዘይት ሳትጨምሩ ከፍ ብሎ ካያችሁትና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ከቃጠሎው የሚመጣ አሲድ አለ። ዘይቱ አሲዱን የሚያከሽፍ ቅመም አለው። ቅመሙ ግን ያልቃል፤ ለማለቅ ደግሞ ኪሎ ሜትር አይጠብቅም። የእሑድ አሥር ደቂቃዬ እነዚህን ሦስቱንም ሲመግብ ነበር የከረመው። ውሃ ጨመርኩ፣ ቤንዚን ጨመርኩ፣ ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጠፋሁ። ዝም ብዬ ብተዋት ይሻላት ነበር።

ወደ ዘይት ምርጫው ልምጣ። ጣሳው ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ሰው ያምታታሉ። 5 ደብሊው 30 ሲባል ደብሊው ያለበት ቁጥር በብርድ ያለውን ባሕርይ ይነግራል፤ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ ቀዝቅዞም ቶሎ ይፈስሳል። ሁለተኛው ቁጥር ሲሞቅ፣ በ100 ዲግሪ፣ ምን ያህል ወፍራም እንደሚሆን ነው። ብዙዎች «በረዶ የሌለበት ቦታ ደብሊው ምን ያደርጋል» ይላሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን በ40 ዲግሪ እንኳ 20 ደብሊው 50 ከ5 ደብሊው 30 በእጥፍ በላይ ይወፍራል። ቆሞ የከረመ ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ነው። ቆማ በከረመች መኪና ከላይ ያለው ዘይት ወርዶ ታች ተኝቷል። ቁልፉ ሲዞር ቶሎ መድረስ አለበት። «ተጣብቆ ይቆያል» የሚለው ወሬ እኔን አስከፍሎኛል። መጽሐፉ የሚለውን ውፍረት ሙሉ፣ አለቀ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) የጥራት ደረጃ ፊደል እዩ። በኤስ የሚጀምር ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምር ለናፍጣ ነው። ለቤንዚን ከኤስ በኋላ ያለው ፊደል በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስኤን እ.ኤ.አ. የ2010፣ ኤስፒ እ.ኤ.አ. የ2020 ነው። ፊደል የሌለው ወይም የጥንት ፊደል ያለበት ጣሳ በስጦታ ቢሰጠኝም አልሞላም። የድሮ መኪና ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። አዳዲሶቹ ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን ላለመጉዳት ዚንክና ፎስፈረሳቸው ተቀንሷል። አንዳንድ የድሮ ሞተሮች ደግሞ ያንን ይፈልጉታል።

ሲንቴቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) ነው ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ተራ ዘይት)? እኔ ሙሉ ሲንቴቲክ ነው የምሞላው፤ ሲቀዘቅዝ በደንብ ስለሚፈስስ። የጧቱ ቀጭ ቀጭ በመጀመሪያው ሳምንት ጠፋ። ግን «ሲንቴቲክ ከሆነ ሁለት ዓመት ይቆያል» የሚለውን አልቀበልም። ሲንቴቲክም ቢሆን ውሃውንና ቤንዚኑን አያስቀረውም። ደረጃውን የጠበቀ ተራ ዘይት በጊዜው ቢቀየር፣ ሁለት ዓመት ከተቀመጠ ውድ ዘይት ይበልጣል።

መጽሐፌ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር ይላል፣ ቀድሞ የመጣው። ማንም የማያነበው ገጽ ላይ ደግሞ «ከባድ አጠቃቀም» የሚል አለ። ከባድ ጭነት የሚጎትት መኪና መስሎኝ ነበር። አጭር አጭር መንገድና በሚኒሞ መቆምም እዚያው ተጽፏል! እኔ አሁን ኪሎ ሜትሩን ጭራሽ አላይም። በየስድስት ወሩ፣ ከነፊልትሮው እቀይራለሁ። መካኒኮች ያባከንኩ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ረጅም መንገድ አዘውትሮ የሚሄድ ሰው ዓመት ይበቃዋል።

ያንን አረፋ ለማጽዳት አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ 500 ኪሎ ሜትር ነዳሁ፣ እንደገና ቀየርኩ። ሞተር ማጠቢያ ኬሚካል ሊሸጡልኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የተጋገረውን ቆሻሻ በአንዴ አንስቶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት እንዳይደፍነው ፈርቼ ነው። መኪና ለወራት የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን መኪናዋን ከማቆማችሁ በፊት ቀይሩ እንጂ «ስመለስ እቀይራለሁ» አትበሉ። አሲድ ያለበት ዘይት ውስጥ ብረት አይከርምም።

በእሑዱ አሥር ደቂቃ ፈንታ አሁን በየአሥር ቀኑ አንዴ ሰፊ መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት እነዳታለሁ። ክዳኑን በየወሩ እከፍታለሁ። ንጹሕ ነው። በቴስታታው መገጣጠሚያ በኩል ግን እስካሁን ትንሽ ዘይት ታልባለች፤ በጨርቅ እጠርጋታለሁ። ያ ሰው ሳይነካት በፊት አታልብም ነበር። ደግሜ ግን አላስከፍታትም።