የጠራ ከሆነ ይፍሰስ

የአፈር ግድብ ያፈስሳል። ይህን አዲስ ለተቀጠረ ባለሙያ ማሳመን ቀላል አይደለም፤ በግድቡ እግር ሥር ርጥበት ያየ ሁሉ «ሊናድ ነው!» ይላል። ውሃው ትንሽ ሆኖ ጠርቶ እስከወጣ ድረስ ብዙም አያሰጋም። ሲደፈርስ ግን ከውስጥ አፈር እየጠረገ ነው ማለት ነው።

የኛ ወረዳ ግድብ ትንሽ ናት። እንደ ቆጋ የመስኖ ግድብ 7,000 ሄክታር አታለማም፤ የአንድ ቀበሌ ሽንኩርትና ድንች ታጠጣለች። የበጋው ገንዘብ ግን ከእሷ ነው የሚገኘው።

ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግስት የመስኖ ውሃውን ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባታችን ወደ ቢሮዬ መጡ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ አንድ ሃይላንድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «እስቲ እያት ልጄ።» ከግድቡ ሥር የቀዱት ውሃ ነው። ላዩ ጠርቷል፣ ከታች ጣት የሚያህል ቀይ ደለል ዘቅጧል።

ስንደርስ ወጣቶቹ ጭቃ በጆንያ ሞልተው ውሃው የሚወጣበትን ሊደፍኑ ነው። አስቆምናቸው። ከታች የተደፈነ ውሃ ሌላ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። ይልቅ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ አለበስነው። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር።

ከባዱ ውሃውን ማጉደል ነበር። ግድቧ ስትሞላ ትርፉ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ላይ ድንጋይ ተከምሯል። ማን እንደከመረው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አልፈርድባቸውም፤ ግድቧን ደለል ሲሞላት ገበሬው ውሃ የሚጨምርበትን ዘዴ መፈለጉ አይቀርም። በነሐሴ የተለቀቀ ውሃ ደግሞ የጥር ሽንኩርት ነው። እኔ ስለ ግፊት ሳስረዳ ቆይቼ የሰማኝ የለም። የውሃ አባታችን ግን «የመጀመሪያው ተረኛ እኔ አይደለሁ? የኔ ይቅር» ብለው የግድቡን የውሃ መልቀቂያ በር ራሳቸው ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ለማንሳት የተከራከረ አልነበረም።

በጋ ላይ ሲቆፈር የተገኘው የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ሥር ነው። አንድ ጊዜ «አፈሩን ይይዛል» ተብሎ ተዳፋቱ ላይ ተተክሎ፣ ኋላ ለአጠና ተቆርጧል። ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃው መንገድ ከፈተለት። ግድብ ላይ ሣር እንጂ ዛፍ አይተከልም፤ ግን ችግኝ ተከላ ሲመጣ ማን ይሰማል!

በዚያ ዓመት ሽንኩርቱ ቀንሶ ሽምብራው በዛ። የሽንኩርት ዋጋ ሲሰቀል እኔን ሲያዩ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አልጠፉም።