እርዱ ሁለት፣ ጭፈራው አንድ

የካቲት 2018 ዓ.ም.፣ ደሴ

«ወሎዬ በሃይማኖት አይቀያየምም» ሲባል የሰማሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። አባባሉን እወደዋለሁ። ሰሞኑን ግን ዶርማችን ውስጥ የሰው አፍ ማዘጊያ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህን የምጽፈውም በዚያ ምክንያት ነው።

አንድ ልጅ ስልኩ ላይ የሚያስቅ ቪዲዮ ከፈተ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ይጨፍራል፤ ከጀርባው የሚሰማው ነቢዩን የሚያወድስ መንዙማ ነው። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። የባቲው ጓደኛችን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «እባክህ ዝጋው» አለ። «አንተ ደግሞ! ወሎዬ አይደለህም እንዴ? ይህም ያስቆጣሃል?» ተባለ። ልጁ ዝም አለ። ዝምታው ደግሞ እንደ መስማማት ተቆጠረ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእናቴ ወገኖች ግን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ሐይቅ አጠገብ ባደግሁበት መንደር ሠርግ ሲደገስ እርዱ ሁለት ነው፤ ለሙስሊሙ ሙስሊም ያርዳል፣ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ ወጥ ሠሪዎቹም ይለያሉ። አክስቴ የአንዱ ጭልፋ ከሌላው ድስት እንዳይገባ ቀኑን ሙሉ ስትንጎራደድ አይቻለሁ። ማታ ጭፈራው ሲጀመር ግን ማን ከየትኛው ዳስ እንደ በላ የሚጠይቅ የለም፤ እስክስታው አንድ ላይ ይወርዳል። ስለ ወሎ የሚናገር ሰው ሁሉ የሚያነሣው ያን ጭፈራ ነው። ጭልፋውን የሚያነሣው የለም። እኔ ጭፈራውን ያቆመው ጭልፋው ነው ብዬ አምናለሁ። አክስቴ ያን ያህል ባትጠነቀቅ ኖሮ ማንም ሰው ልቡ ሳይጠረጥር ጎርሶ ለጭፈራ አይነሣም ነበር። መቻቻላችን ግድ የለሽነት ሆኖ አያውቅም።

የመንዙማው ነገር ለምን እንዲህ እንደ ከበደኝ ልንገር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች ለዘፈኑም ለመንዙማውም ያገለግላሉ። ስለዚህ ቃሉን የማያዳምጥ ሰው ዜማውን ሰምቶ ትከሻው ቢነቃነቅ አልፈርድበትም። ቃሉ ግን ሌላ ነው። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የተጠመቀ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ ጦር ያነሣም አለ። ትእዛዙን ከተቃወሙት ዐሊሞች አንዱ የሆኑት ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ በመንዙማ የሚዜም የሃይማኖት ግጥም ትተውልናል። የእኔ አያት፣ የእናቴ እናት፣ ፊደል አልቆጠረችም፤ መንዙማ ስትሰማ ግን ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታለቅሳለች። ሙስሊሞች ራሳቸው በመንዙማ ላይ አንድ ሐሳብ የላቸውም፤ ድቤውንና ጭብጨባውን የማይቀበሉ አሉ። ያ የእነርሱ ክርክር ነው። በዚያ ዜማ ላይ ሰካራም ማስጨፈር ግን ከዚህ ክርክር ውስጥ የለም።

ዘንድሮ ነገሩን ይበልጥ ያጎላው የጾሙ መገጣጠም ነው። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ነበር የገቡት። ዘንድሮ ከዚያም በላይ ተቀራርበው መጡ። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በሚቀጥለው ዓመት የእኛ ጾም ሲገባ የእነርሱ ሊወጣ ይሆናል። በዐቢይ ጾም ቤተ ክርስቲያን ከበሮዋንና ጸናጽሏን ታሳርፋለች፤ ማኅሌቱ በመቋሚያ ብቻ ነው። ይህን የማያውቁ ኦርቶዶክስ ተማሪዎች ሞልተዋል። የባቲው ልጅ ግን ያውቃል። ጾሙ የገባ ሰኞ ማንም ሳይነግረው ስፒከሩን ሻንጣው ውስጥ ከተተና በጆሮ ማዳመጫ መስማት ጀመረ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እናንተ ጋ ከበሮ አይመታም አይደል?» አለኝ። ከጎረቤቶቻቸው የተማረው ነው።

ኳስ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤትም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ የእንግሊዝ ጨዋታ 12 ሰዓት ላይ ሲጀመር የመግሪብ አዛን የሚሰማው የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ነው። ባለቤቱ ክርስቲያን ነው። አዛኑ ሲጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይዘጋል፣ ቴምር በሳሕን ያዞራል፣ ጨዋታው በዝምታ ይቀጥላል። ጎል ቢገባ እንኳ ጩኸቱ ታፍኖ ነው። ይህን ማንም አላዘዘውም፣ የገበያ ብልሃት ነው የሚለኝ ቢኖርም አልከራከረውም፤ ሰው በሰላም አፍጥሮ ኳሱን ያያል።

በሌላው ወገን የማልወደውም አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ በጾም ወቅት የላውንጁ ቴሌቪዥን ጭራሽ ይጠርቀም ብሎ ፊርማ ሲያሰባስብ ነበር። ሌሎች ደግሞ የሰው ቀልድ በስልካቸው እየቀረጹ «ሃይማኖታችን ተነካ» በሚል ጽሑፍ ይበትናሉ፣ የልጁን ስምና የዶርም ቁጥር ጨምረው። ይህ ያስፈራኛል። ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ላስቀየመው ሰው ፊት ለፊት መናገር አለበት፤ የባቲው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሕዝብ መጥራት ግን በቀል ነው። «ወሎዬ አይደለህም እንዴ?» እያልን ፊት ለፊት የሚናገረውን አፉን ካስያዝነው ደግሞ የሚቀርልን ሕዝብ የሚጠራው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አባባላችን የሚቆጥረው ሁለት ሃይማኖት ነው። ከእኛ ጋር ከሆሳዕና የመጣ የፕሮቴስታንት ልጅ አለ። ማታ አልጋው ላይ ተንበርክኮ ሲጸልይ ድምፁ ይሰማል። አንዳንድ ቀን ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አንድ ላይ ሆነው አጸላለዩን ይኮርጁበታል፤ በዚያ ሰዓት በእርግጥም በሃይማኖት አንቀያየምም፣ ተስማምተን ነው የምንስቀው! ለእሱ የሚሆን ዳስ ሠርጋችን ላይ አልተተከለም፤ አክስቴም ብትሆን ለእሱ የትኛውን ጭልፋ እንደምታነሣ የምታውቅ አይመስለኝም።

ትናንት ምን እንደሚያስከፋው ጠየቅሁት። ኩረጃውን የሚለኝ መስሎኝ ነበር። «ኩረጃውን ለምጄዋለሁ፤ የእኔ መዝሙር ሲከፈት ብቻ ነው ሁሉም ድምፅ ቀንስ የሚለኝ፣ የእናንተ ሲከፈት ግን ማንም ማንንም ቀንስ አይልም» አለኝ። አስቤ አስቤ የምመልስለት አጣሁ፤ እውነቱን ነው።

ማታ አምስታችንም ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እሑድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ያለው ሰዓት የእሱ ሆነ፤ ስፒከሩንም የባቲው ልጅ ከሻንጣው አውጥቶ አበደረው። መንዙማ የሚከፈት ሊደመጥ እንጂ ሊሳቅበት እንዳይሆን አራታችን ተስማማን። ቪዲዮውን የከፈተው ልጅ አልተስማማም። «ቀልድ ቀልድ ነው» እያለ ነው እስካሁን። የሁለተኛ ዓመት ትምህርታችን ገና አላለቀም፤ ከእሱ ጋር ብዙ እንከራከራለን።