ባሕር ዳር ማኮብኮቢያው ላይ፦ ቀትር ወይስ ጎህ?

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በፋሽስት ወረራ ዘመን ጎጃም ውስጥ በተዋጋው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። 3,000 ሜትር የሚረዝመው አስፋልት አንድ ብቻ ነው፤ መንገደኛ የጫነውም የአየር ኃይሉም አውሮፕላን የሚንደረደረው እዚያው ላይ ነው። ይህ አንድነት ምን እንደሚያስከትል ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ታይቷል። ሕወሓት ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ሮኬት ተኮሰ፤ የጎንደሩ ማረፊያ ተጎዳ፣ የባሕር ዳሩን ሮኬቱ ሳተው። በዚያው ወር ባሕር ዳር እንደገና ተተኩሶባታል።

በዘወትር ሥራ ግን ዋናው ፈተና አየሩ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በበረራ ስሌት ለዚህ ከፍታ መደበኛ ተብሎ የሚወሰደው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው፤ በጋ ላይ ቀትር 28 ሲሆን በ25 ይበልጣል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ ከፍታው ላይ 37 ሜትር ያህል ይደመር፤ ክንፉ የሚያገኘው አየር የ2,700 ሜትር አየር ሆኖ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ እንኳ ያን ያህል ከፍ አትልም!

ውጤቱ ይኸውላችሁ፦ የፍጥነት መለኪያው 150 ኖት (የበረራ ፍጥነት አሃድ) ሲያሳይ ነፋስ በሌለበት ጎማው መሬት ላይ የሚሮጠው በ170 ገደማ ነው። መነሳቱ ቢሰረዝ ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ይበልጣል። ሞተሩም በሳሳ አየር ይደክማል። ስለዚህ በቀትር ወይ ነዳጅ ወይ ጭነት ይቀነሳል፤ ሌላ መላ የለውም።

ጎህ ሲቀድ 10 ዲግሪ ከሆነ ያው ስሌት 2,050 ሜትር ይሰጣል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ፣ በበጋ ከሰሜን የሚመጡት ክሬን የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ጣና ዳር አድረው ወደ ታጨደ ማሳ የሚበሩት በዚያው ሰዓት ነው። አንዱ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መሬቱ ሲሞቅ ደግሞ ክብደት ያላቸው የውሃ ወፎች፣ ፔሊካኖች፣ ወደ ላይ በሚወጣው ሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ይነሳሉ። ስለዚህ ከመነሳት በፊት አስፋልቱን ብቻ ሳይሆን ሰማዩንም ማየት ግድ ነው።

ክረምት ሲገባ ተራው የጠጠር ነው። ጎርፍ ከዳር አንስቶ አስፋልቱ ላይ ይበትነዋል። ሱኮይ 27 የተባለው ተዋጊ ጄት አየር መሳቢያው ውስጥ ወንፊት አለው፤ ወንፊት የሌለው ጄት ግን ጠጠሩን ይውጠዋል፣ የሞተሩ ምላጭ ይሸረፋል፣ ሽራፊዋም እያደር ስንጥቅ ትሆናለች። መፍትሔው በእግር ነው፦ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ ዓይንን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልቀም። ዝናብ በጣለ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀመራል።