በሩ እምቢ ያለ ቀን

ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮው ስር የቆመችው ፊያት 124 ስፓይደር የአጎቴ ነበረች። ቅርጿን የሠራው የጣሊያኑ የመኪና ዲዛይን ቤት ፒኒንፋሪና ነው። የሞተሯ መሐንዲስ ላምፕሬዲ ደግሞ ቀደም ብሎ የፌራሪ ሞተር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት "ዶሮዎቹ ይህን ያውቃሉ?" አለችኝ። ለዓመታት ያደሩባት እነሱ ናቸዋ።

የጅማ ዝናብ ግን ከዶሮ የባሰ ነው። ከበሩ ስር ያለውን ደፍ በካቻቪቴ ነካ ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ሳወጣው የረጠበ ዝገት እንደ ቡና ገለባ ተዘረገፈ።

ይቺ መኪና እንደ ላንድክሩዘር ራሱን የቻለ ሻንሲ፣ ማለትም ከስር ቦዲውን የሚሸከም የብረት አጽም፣ የላትም። ቦዲዋ ራሱ ሻንሲዋ ነው። ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ ፊቷንና ኋላዋን አያይዞ የሚይዘው በአብዛኛው ያ ደፍ ነው። ላሜራ ተደራርቦ እንደ ሳጥን የተሠራ፣ መሀሉ ባዶ። ውሃ ገብቶ ከተኛበት ከውስጥ ይበላዋል፤ ቀለሙ ላይ እስኪታይ ድረስ ነገሩ አልቋል።

እኔም ቸኮልኩ። አንድ ቅዳሜ ባትሪዋንና ሳልባትዮዋን አወጣሁ፣ ፊትና ኋላዋን ካቫሌቶ፣ የብረት መደገፊያ ላይ አስቀመጥኩ፣ የግራውን ደፍ በግራይንደር ቆርጬ ጣልኩ። ከምሳ በኋላ በሩን ልዝጋ ብል እምቢ! መሀሏ ወርዷል። የበሩ ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ሰፍቷል።

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ ባትላሜራ፣ የመኪና ቦዲ ጠጋኝ ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩና "አንተ ልጅ፣ ምሰሶ ሲነቀል ቤቱን የሚደግፍ የለም እንዴ?" አሉኝ። ምን እላለሁ? ቡና ይፈላ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው የጋሼ ሆነ። መሀሏን በክሪክ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ልኬት። እንደገና ትንሽ ከፍ፣ ልኬት። የበሩን ክፍተት ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር እየለካን ካልተነካው ከቀኙ ጋር አስተያየነው። ልኩ ሲገጥም እንዳይንቀሳቀስ ቱቦላሬ ብረት ከበሩ ክፍተት በውስጥ በኩል አንዱን አግድም፣ አንዱን ሰያፍ አድርገን በየድን። አዲሱ ደፍ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ አሳጥፌ አመጣሁ፤ ጋሼ በውስጡ አንድ ማጠናከሪያ ጨመሩበት።

ብየዳው ላይ ጭራሽ አያስቸኩሉም። "አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ አሁን እጅህን ሰብስብ።" መስመሩን ባንዴ ከጨረስኩት ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። በመዳፋቸው ዳሰው ካልቀዘቀዘ አይፈቅዱም። እውነቱን ለመናገር ያሰለቻል፤ ሁለቴ ሻይ ልጠጣ ብዬ ጠፍቻለሁ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን እንዳልደፍን ደግሞ በጠመኔ አክብበውባቸዋል።

የግራው በር አሁን ያለ ትግል ይዘጋል። ቀኙ ተራውን ይጠብቃል። ቱቦላሬዎቹን ገና አላወጣንም፤ ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትንጠለጠልባቸዋለች። ጋሼ አይተው "ተዋት፣ ብየዳውን እየፈተሸችልህ ነው" አሉኝ።