ተቀባዩም የሚከፍልበት ጥሪ

ስለ ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው «ነፃ ነው» የሚለው ነው። ነፃ አይደለም፤ የክፍያው ዓይነትና ከፋዩ ነው የተለወጠው። በተራው የስልክ ጥሪ ሂሳብ የሚቆረጥበት ደዋዩ ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ያለች እናት ካርድ ባይኖራትም ሲሟ እስከሠራ ድረስ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሪያድ ሲደወልላት ታነሳለች። በአፕ ጥሪ ግን የሁለቱም ዳታ ይቆጠራል። እሷ ጋ ዳታ ከሌለ ስልኳ ጭራሽ አይጠራም። በሰሜን ሸዋ የካርዱ፣ የፓኬጁና የስልኩ ገበያ የተለዋወጠው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሚስኮልን እንመልከት። ድሮ «ካርድ የለኝም፣ ደውልልኝ» ማለት ነበር። አሁን ብዙ ጊዜ «ዳታ አብሪ፣ በኢሞ ልደውል ነው» ማለት ሆኗል። ስማርት ስልክ ያላቸው ወላጆች ዳታቸውን ቀኑን ሙሉ አብርተው አይውሉም፤ ፓኬጁም ባትሪውም ያልቃል። ስለዚህ ውጭ ያለው ልጅ መጀመሪያ በመደበኛው መስመር አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ በአፕ ይደውላል። የድምፅ ኔትወርኩ ደወል ሆኖ ይሠራል፣ ወሬው በዳታ ያልፋል። የቴሌኮም ኩባንያው ከደወሉ የሚያገኘው ሳንቲም የለም።

ወጪው ስንት ነው ለሚለው ስሌቱ ከባድ አይደለም። አፑ ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 50 ቦታ እየቆረጠ በጥቅል በጥቅል ይልካል። ድምፁ ራሱ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ቢወስድ፣ በየጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የመላኪያ አድራሻ ሌላ 16 ኪሎቢት ይጨምርበታል። ድምሩ በሰከንድ 40 ኪሎቢት ሲሆን፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በደቂቃ 300 ኪሎባይት ማለት ነው። መናገሩም መስማቱም ስለሚቆጠር በአንዱ ስልክ ላይ በደቂቃ 600 ኪሎባይት፣ በሰዓት 36 ሜጋባይት ገደማ ይሄዳል። ቪዲዮ ሲሆን ሌላ ዓለም ነው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 500 ኪሎቢት ብንይዝ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይወጣል። 1 ጊጋባይት በ30 ብር ተገዛ እንበል፤ ዋጋው ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው። የአንድ ሰዓት የድምፅ ጥሪ 1 ብር ከ8 ሳንቲም፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 13 ብር ከ50 ይሆናል። በያዙት ፓኬጅ ለማስላት ዋጋውን ለሜጋባይቱ ብዛት ያካፍሉና ለድምፅ በ0.6፣ ለቪዲዮ በ7.5 ያባዙት፤ የደቂቃው ዋጋ ይመጣል።

ከዚህ ስሌት የምደርስበት ይህ ነው፦ ለውጭ አገር ጥሪ አፕን የሚስተካከል የለም፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለመደወል ግን የድምፅ ፓኬጅ የተሻለ ነው። ዳታ በሌለበት ይገባል፣ ተቀባዩ አይከፍልም፣ ድምፁም አይቆራረጥም። «ሁሉን በቴሌግራም እደውላለሁ» ብሎ የድምፅ ፓኬጅ መግዛት ያቆመ ነጋዴ፣ ገጠር ያሉ ደንበኞቹ ጋ መድረስ ሲያቅተው ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ተቀባዩ ከፋይ ሲሆን ሌላ ነገርም ተከተለ። ገንዘቡ ያለው ውጭ ያለው ልጅ ጋ ነው፤ ዳታ የሚያስፈልጋት ግን እናት ናት። ስለዚህ ልጁ ብር ብቻ ሳይሆን ፓኬጅ መላክ ጀመረ። ከአገር ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም *999# ላይ ገብቶ ለሌላ ቁጥር በስጦታ መግዛት ይቻላል፤ ውጭ ያለው ደግሞ የአየር ሰዓት ይሞላላታል ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድሙን ያዛል። በዚህ ላይ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ ካርድ መፋቅ ቀነሰ፤ የካርድ ሻጩ ኮሚሽን ከሁለት በኩል ተነካ። ብዙ ሱቆች ወደ ስልክ ጥገና፣ አፕ መጫንና ለወላጆች አካውንት መክፈት የዞሩት ለዚህ ነው።

የፓኬጁ ሰዓትም ይታሰብበት። ሪያድና ደብረ ብርሃን ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ እጇ የሚፈታው ማታ አምሽቶ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ለብዙ ቤተሰብ ይስማማል። ችግሩ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ ቀን ላይ ዳታ ማብራቱ ነው። የቀኑ አጠቃቀም ከዋናው ሂሳብ ይቆረጥና የተሞላው ካርድ ሳይታወቅ ያልቃል። መከላከያው ስልኩ ውስጥ አለ፤ ሴቲንግ ተከፍቶ በዳታ አጠቃቀም ስር ዳታ ሊሚት ይደረጋል። ከ*804# ሂሳብ እያዩ መሄድም ይረዳል።

የትኛው አፕ ይጫን የሚለውን የሚወስነው እናትየዋ አይደለችም፤ ስልኩን የሸጠላት ሱቅም አይደለም። ልጇ ያለችበት አገር ሕግ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕን ጥሪ ዘግታ ቦቲምን የመሳሰሉ ፈቃድ ያላቸውን ታስተናግዳለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት ጥሪ ላይ የነበረውን እገዳ ማንሳቷን ያሳወቀችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። ስለዚህ አረብ አገር ሁለት ልጆች ያሏት እናት ስልክ ላይ ኢሞም ቦቲምም ይገኛል፣ አዲስ አበባ ላለው ልጅ ደግሞ ቴሌግራም። ሦስት አፕ ማለት ሦስት ጊዜ ማሻሻያ፣ ሦስት ጊዜ ሚሞሪ ነው። 1 ጊጋ ራምና 16 ጊጋ ማስቀመጫ ያለው ርካሽ ስልክ ይህን አይችልም፤ በወራት ውስጥ ይሞላል፣ ጥሪ ሲመጣም ስክሪኑ ይደርቃል። አሮጌ ስልክ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት የአንድሮይድ ቁጥሩን ይጠይቅ፤ ዋትስአፕ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ወዲህ ከአንድሮይድ 5 በታች አይሠራም።

ወደ መልክዓ ምድሩ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ግን ገደሉ ሲግናሉን ይሸፍነዋል። በጀማ ሸለቆ በኩል ወደ ዓለም ከተማም እንዲሁ። የመንዝ ሸንተረር ላይ አንዱ ቤት ኔትወርክ ሲያገኝ ጎረቤቱ ላያገኝ ይችላል። ስልኩ ከላይ የሚያሳየውን ፊደል ማንበብ ይጠቅማል። 4ጂ ካለ ቪዲዮም ይሄዳል። የላቲኑ «ኤች» ማለት 3ጂ ነው፤ የድምፅ ጥሪ ይችላል። «ኢ» ካለ ግን 2ጂ ላይ ነው ያሉት፤ የአፕ ጥሪ እዚያ ላይ መሞከር ራስን ማድከም ነው። ምክንያቱ የፍጥነቱ ማነስ ብቻ አይደለም፣ መዘግየቱ ነው። ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሲቆይ ሰዎች እየተደራረቡ መናገር ይጀምራሉ፤ በ2ጂ ላይ መዘግየቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

እዚያ ላይ የሚሠራው የድምፅ መልእክት ነው። አንድ ደቂቃ የተቀዳ ድምፅ ከ120 እስከ 240 ኪሎባይት ይይዛል። በደካማው 2ጂ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ወስዶ ይሄዳል፤ ቢቋረጥ አፑ ራሱ መልሶ ይሞክራል፣ ተቀባዩም ኔትወርክ ባገኘ ሰዓት ይሰማዋል። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎችም ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ ይህ ይቀላል። ኤስኤምኤስን ከቤተሰብ ወሬ ያስወጣው እሱ ይመስለኛል። ኤስኤምኤስ ግን አልሞተም፤ የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ፣ የአካውንት መክፈቻ ኮድ ሁሉ በእሱ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ፣ ጥገና ቤት ድረስ የሚያስኬድ። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ አንዱ 09 (ኢትዮ ቴሌኮም) ሌላው 07 (ሳፋሪኮም) ይገባል፤ ዳታው በአንዱ ነው። በሌላኛው ሲም መደበኛ ጥሪ ሲነሳ በብዙዎቹ ስልኮች ዳታው ይቆማል፣ ኢሞ ላይ የነበረው ወሬም ይቆረጣል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ሁለቱን ሲሞች በየተራ የሚያገለግል አንድ ራዲዮ፣ ማለትም አንድ የኔትወርክ መላኪያና መቀበያ፣ ነው ያለው። ረጅም የአፕ ጥሪ ከመጀመር በፊት ሁለተኛውን ሲም ከሴቲንግ ማጥፋት ነው መፍትሔው።

ይህ የ09 እና የ07 ነገር ራሱ የአፖቹን ጉልበት ያሳያል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር አንድ ሰው ቁጥር ለመቀየር የሚፈራው ወዳጆቹን ማጣት ነበር። ቴሌግራምና ዋትስአፕ በድሮው ቁጥር ተከፍተው፣ ዳታው በአዲሱ ሲም ሊሠራ ይችላል። ደዋዩ የየትኛው ኩባንያ ሲም እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ፉክክሩ የደቂቃ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ በዚህ ሰፈር የማን ዳታ ይጎትታል ወደሚለው ዞሯል።

ለኢትዮ ቴሌኮም ዋናው ኪሳራ የውጭ ጥሪ ነው። ከውጭ የሚገባ እያንዳንዱ ደቂቃ የውጭ ምንዛሪ ያስገባ ነበር። ታሪፉ ውድ በነበረበት ጊዜ የሲም ቦክስ ማጭበርበር፣ ማለትም የውጭ ጥሪን ብዙ ሲም በሚይዝ መሣሪያ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ማስገባት፣ የተስፋፋው በውጭና በአገር ውስጥ ጥሪ የዋጋ ልዩነት ነው፤ ከጅዳ የተደወለ ጥሪ በአገር ውስጥ ቁጥር ይገባ ነበር። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ሲያስቀምጥ የኢንተርኔት መደወያው ስካይፕ ሊታገድ ነው የሚል ስጋት ተነስቶ ነበር። ስካይፕ ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በመላው ዓለም ተዘጋ። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ታሪፉን በከፍተኛ መጠን ሲቀንስ የቀነሰው የድምፁን ብቻ ሳይሆን የዳታውንም ነው፤ ያ ውሳኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሰው ደቂቃ መግዛት ሲተው ሜጋባይት እንዲገዛ ማድረግ ያዋጣል።

ለንግድ ሲሆን ደግሞ የበግ ነጋዴውን መውሰድ ይቻላል። የመንዝ በግ ገዥ አዲስ አበባ ሆኖ በጉን ማየት ይፈልጋል፤ በቀጥታ ቪዲዮ ጥሪ ላሳይ ቢባል ምስሉ ይደበዝዛል፣ ፓኬጁም ይበላል። ቀድቶ መላክ ይሻላል፣ ግን ቅጂው ላይ ይጠንቀቁ። ስልኩ በሙሉ ጥራት ሲቀዳ በደቂቃ ወደ 130 ሜጋባይት ይይዛል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ከተላከ ያ ሁሉ ይሄዳል፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ሲላክ ግን አፑ ይጨምቀዋል፣ ከመላኩ በፊትም ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። 20 ሰከንድ ይበቃል፦ ከጎን፣ ከኋላ፣ ጥርሱን። ዋጋውን በድምፅ መልእክት አያይዞ መላክ ነው።

በዳታ ላይ ብቻ የቆመ ንግድ አደጋ እንዳለበት ግን አካባቢው በደንብ ያውቃል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ የደንበኞቹን መደበኛ ቁጥር በወረቀት ያልያዘ ነጋዴ ተቸግሯል፤ ቴሌግራም ላይ በስም ብቻ የሚያውቀውን ሰው በምን ይደውልለት? ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታ መሥራቱ በእንዲህ ያለ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

ለወላጅ ስልክ የሚያዘጋጅ ልጅ እነዚህን ያስተካክል። ቴሌግራም ላይ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ዋትስአፕ ላይ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ተብሎ በተጻፈው ስር ለጥሪ አነስተኛ ዳታ መጠቀምን ያብራ፣ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ያጥፋ። ያወረደውን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንዲሰርዝ ቴሌግራምን ማዘዝም ይቻላል። አካውንቱን ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው በራሱ ኢሜይልና የይለፍ ቃል እንዲከፍት አይፍቀድ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ራሱ ያብራና የማረጋገጫውን የይለፍ ቃል በደብተር ይጻፍ። «የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሁሉ፣ ድምፁ የዘመድ ቢመስልም፣ ኮዱ አይነገረውም። ሲሙም ካርድ ሳይሞላበት ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤት በዚያው ቁጥር ቴሌግራም ሲከፍት የእናትየዋ አካውንት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የመጨረሻው የባትሪው ነገር ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስን የመሳሰሉ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከኋላ የሚሠራውን አፕ ይዘጉታል፤ ስክሪኑ ሲጠፋ ጥሪ የማይገባው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ ኢሞ፣ ከዚያ ባትሪ ይከፈትና ገደቡ ይነሳለታል። ከተስተካከለ በኋላ ዋይፋይ ጠፍቶ በሲም ዳታ ብቻ፣ ስክሪኑ ተዘግቶ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ከዚያ ከሌላ ስልክ ይደወልለት። ካልጠራ ገደቡ አልተነሳም፣ ወይም ስልኩ አፑ በራሱ እንዲነሳ የሚፈቅድ ሌላ ማብሪያ አለው።