የረጠበው ፎቶ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎኝ ነው የዋለው። ምን ሆነሽ ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ አንዳንድ ቀን እንዲሁ ነው። ማታ ላይ ለዛ ለቆየው ኢሜይል መልስ ልጽፍ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩና አንድ መስመር እንኳን ሳልጽፍ እጄ ሄዶ ሰሃራ ውስጥ የጥንት የድንጋይ ላይ ስዕሎችን የመዘገብንበትን የዛን ጉዞ ፎልደር ከፈተ፣ በቃ እዛው ቀረሁ፣ አሁን ሌሊቱ ተጋምሷል።

ፎቶዎቹ ለሌላ ሰው ቢታዩ አሰልቺ ናቸው። አንድ ግድግዳ ከ300 ጊዜ በላይ። ከግራ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እየተራመድን ነው ያነሳነው፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከጎኑ ያለውን ከግማሽ በላይ እየደረበ፣ ምክንያቱም በኋላ ሶፍትዌሩ ግድግዳውን ከነጉብጉቡ ከነስንጥቁ መልሶ የሚሰራው በዛ መደራረብ ነው። ጥግ ላይ ሁሌ ማስመሪያና የቀለም ካርድ አለ። ሁሉም በጥላ ሰዓት የተነሱ ናቸው፣ ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ቀዩ ቀለም ከድንጋዩ አይለይም።

ከመሃላቸው አንዷ ላም አለች። መዳፌን ብታክል ነው። ቀንዶቿ እያንዳንዳቸው በአንድ ጭረት የተሳሉ ናቸው፣ ሰዓሊው ጀምሮ እስኪጨርስ እጁን አላነሳም፣ ጫፉ ላይ ቀለሙ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ጎኗ ቡራቡሬ ነው፣ ነጣ ያለው ግን ቀለም አይደለም፣ ሳይቀባ የተወው ባዶ ድንጋይ ነው። ግቷ ሞልቷል። ከኋላዋ አንድ ሰው ቆሟል፣ ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፣ አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቷል።

እዛ ቦታ ላይ ቆሞ ላም ማሰብ ራሱ ይከብዳል፣ ዙሪያውን አሸዋና ድንጋይ ነው። ግን ከ11,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመት በፊት ገደማ ሰሃራ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነበር፣ ሳር ነበረው፣ ሐይቅ ነበረው፣ ጉማሬና አዞ ነበረው። የምድር ዘንግ ቀስ እያለ አቅጣጫውን ሲቀይር የክረምቱ ዝናብ ወደ ሰሜን ገፍቶ ነበር፣ ከዛ ደግሞ ተመልሶ ሄደ። ዝናቡ ሲሄድ ላሞቹም ሰዎቹም ሄዱ፣ ይቺ ቀረች።

እና የመጀመሪያ ቀን ስዕሉን የምንመዘግብበት ፎርም ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? "እረኛ፣ በትር ይዟል"። ለምን እንደዛ አልኩ? ላም አለ፣ ከኋላዋ ሰው አለ፣ እጁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ። እሷ (አብራኝ የሄደችው፣ ማን እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ) አጠገቤ ቁጭ ብላ እየተመዘገበ ያለውን ስታነብ "ተይ፣ ገና እረኛ አትበይው፣ ሰው በይው" አለችኝ። ተናደድኩባት። ትክክል ነበረች።

ከተመለስን በኋላ ፎቶውን ዲስትሬች ውስጥ አስገባሁት። ይሄ ጆን ሃርማን የሚባል ሰው በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ያወጣው የኮምፒውተር መሳሪያ ነው፣ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ሐሳቡ የመጣው ከሰማይ የተነሱ የመሬት ፎቶዎችን ለማንበብ ከሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፣ ዓይን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያያቸውን ተቀራራቢ ቀለሞች ይዞ አራርቆ ይለጥጣቸዋል፣ እና ባዶ ድንጋይ ነው ያልከው ቦታ ላይ ድንገት ደማቅ ቀይ እግር ይወጣል፣ ከዛ ሌላ እግር፣ ከዛ መንጋ። የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ። በትሩ ግን አልወጣም። ሰውየው ደምቆ ወጣ፣ ላሟም ወጣች፣ በትር ያልኩት መስመር ደበዘዘና ድንጋዩ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ የማዕድን እድፍ ሆኖ ቀረ።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ መጠሪያ የሚባል ነገር ያስፈራኛል። ስዕሉን አንድ ጊዜ ስም ከሰጠሽው ዓይንሽ ስሙን ነው የሚያየው። ግብፅ ውስጥ፣ ጊልፍ ከቢር፣ ዋዲ ሱራ የሚባለው ቦታ አልማሺ የሚባል የሃንጋሪ አሳሽ በ1933 አንድ ዋሻ ሲያገኝ ግድግዳው ላይ የተሳሉት ሰዎች እጅና እግራቸውን ዘርግተው ተንሳፍፈዋል፣ ዋናተኞች አላቸው፣ ዋሻው እስከ ዛሬ የዋናተኞቹ ዋሻ ነው የሚባለው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የለም ይሄ ዋና አይደለም፣ ሙታን ናቸው፣ ወዲያኛው ዓለም ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ናቸው ብለው የተከራከሩ አሉ። እኔ ማን እንደሚያሸንፍ አይደለም የሚያሳስበኝ፣ ዋናተኛ የሚለውን ቃል ቀድሞ ሰምቶ የሄደ ሰው ሌላ ነገር ማየት እንዴት ይችላል? አልጄሪያ ውስጥ ታሲሊ ላይም እንደዛው፣ አንሪ ሎት የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ጃባሬን የሚባል ቦታ ያለውን ክብ ጭንቅላት ያለውን ግዙፍ ምስል ታላቁ የማርስ አምላክ ብሎ ጠራው፣ ይኸው ዛሬም ድረስ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ነው የሚል ሰው አይጠፋም።

ትንንሾቹ እጆች ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ይነኩታል። እዛው ዋዲ ሱራ በ2002 የተገኘ ሌላ ዋሻ አለ፣ የአውሬዎቹ ዋሻ የሚሉት፣ በሺዎች የሚቆጠር ምስል ያለበት። ግድግዳው ላይ የእጅ ጥላዎች አሉ፣ መዳፍን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ዙሪያውን ቀለም በመርጨት የተሰሩ፣ እና በትልልቆቹ እጆች ውስጥ ገብተው የተቀመጡ በጣም ትንንሽ እጆች አሉ። የሕፃን እጅ ናቸው ተብሎ ነበር። እኔም አምኜ ነበር፣ እናት የልጇን እጅ ይዛ ድንጋዩ ላይ ስታስቀምጥ በዓይነ ሕሊናዬ አይቻት ነበር፣ ልጁ ሲንፈራገጥ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ከዛ ኤማኑኤል ኦኖሬ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለካቻቸው፣ አዲስ ከተወለዱና ጊዜያቸው ሳይደርስ ከተወለዱ ሕፃናት እጅ ጋር አስተያየቻቸው፣ በ2016 ውጤቱ ወጣ። የሰው እጅ አይደሉም። ጣቶቹ ረዘሙ፣ ልኩ አልገጠመም፣ በጣም የቀረበው የእንሽላሊት ወገን እግር ነው፣ ምናልባት የበረሃ አርጃኖ።

አርጃኖ! ያቺ እናት ከየት መጣች ታዲያ? እኔ ነኝ ያመጣኋት። እና አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የአርጃኖ እግር ይዞ በሰው መዳፍ ውስጥ አስቀምጦ ቀለም የረጨበት ምክንያት ምንድነው ብዬ ሳስብ፣ ከእናትየው ይልቅ ይሄ ነው ሌሊት የሚያስቀምጠኝ። እናትየው እኔን ትመስላለች፣ ይሄኛው እኔን አይመስልም፣ ለዛ ነው እውነት የሚመስለኝ።

ግን ዝም ብሎ ምንም አይታወቅም ማለትም ትክክል አይደለም። ሊቢያ ውስጥ፣ አካኩስ ተራራ፣ ታካርኮሪ ከሚባል መጠለያ የተቆፈሩ የሸክላ ስብርባሪዎች ውስጥ የወተት ስብ ተገኝቷል፣ ወደ 7,000 ዓመት የሚሆነው። በዛው አካባቢ ግድግዳዎች ላይ ግታቸው የሞላ ላሞች ተስለው አሉ። ስለዚህ የእኔዋን ላም ግት ሳይ ያን ሸክላ አስባለሁ። ይሄ ልክ ነው ብዬ የምለው ሐሳብ ከቀለሙ ብቻ አይደለም የመጣው፣ ከአፈሩም ነው፣ ቀለሙ ራሱ ዕድሜውን አይናገርማ፣ ቀይ አፈር ካርቦን የለውም፣ የሚለካ ነገር አይሰጥሽም፣ የትኛው ቀለም በየትኛው ላይ ተደርቧል ብለሽ ነው የምታነቢው።

እዚህ ላይ መጻፍ ያልፈለግኩትን ልጽፍ ነው መሰለኝ።

ድሮ ስዕል ገልብጠው የሚወስዱ ሰዎች ግድግዳውን በእርጥብ ስፖንጅ ያብሱት ነበር። የሎት ቡድን በ1956 ታሲሊ ሲገባም ያደረገው ይሄንን ነው። ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይፈካል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ይደርቃል፣ ውሃው ግን ድንጋዩ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞ ወደ ፊት ይመጣል፣ ሲደርቅ ጨው ይሆንና ቀለሙን ከኋላ ገፍቶ ያራግፈዋል። የዋናተኞቹ ዋሻም ፎቶው እንዲያምርላቸው ውሃ ባርከፈከፉበት ጎብኚዎች ብዙ ተጎድቷል። ይሄን ሁሉ ከመሄዴ በፊት አንብቤ ነበር። አውቄ ነው።

በመጨረሻው ቀን፣ ልንነሳ ስንል፣ ሰውየው ያነሳውን እጅ ጫፍ ማየት አልቻልኩም። ጣት አለው የለውም? ከጠርሙሴ እጄ ላይ ጠብ አድርጌ ግድግዳው ላይ ረጨሁ። ጥቂት ነበር። ፈካ። አንድ ፎቶ አነሳሁ። ዘወር ስል ሽማግሌው መሪያችን ከኋላዬ ቆመው ነበር፣ ምንም አላሉም፣ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ክዳኑን ገጠሙትና መልሰው ሰጡኝ። ለውሃው አዝነው ይሁን ለስዕሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእሷም አልነገርኳትም፣ ይኸው አሁን እዚህ ታነበዋለች።

ፎቶውን ዛሬ ከፍቼ በደንብ አየሁት። በዛ በአንዱ ብቻ፣ ከሰውየው እጅ ፊት ለፊት፣ ሌላ ትንሽ መስመር አለ። ጎበጥ ያለ ነው። ሌላ እጅ ሊሆን ይችላል፣ ከወዲያ ማዶ የሚመልስለት። ከ300ዎቹ ደረቅ ፎቶዎች አንዱም ላይ የለም፣ ዲስትሬችም አያወጣውም፣ ሁሉንም ሞከርኩ። ስለዚህ ወይ ውሃው የገለጠው እውነተኛ ቀለም ነው፣ ወይ ውሃው ራሱ የወረደበት መንገድ ነው። ለማረጋገጥ ደግሞ መልሶ ማርጠብ ነው ያለው፣ እሱን አላደርገውም።

መዝገቡ ውስጥ ላስገባው? ካስገባሁት እንዴት እንዳገኘሁት መጻፍ አለብኝ፣ ያነበበ ሰው ደግሞ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ካላስገባሁት፣ ያ ሰው እጁን ለማን እንዳነሳ የማየው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?